“ሳሙናው በዛ”፦ “ሮማ”ን ሳሎናችን ውስጥ ስናይ

ፊልሙ የሚጀምረው በወለል እጥበት ነው። ካሜራው ንጣፉ ላይ አፍጥጦ ይቆያል። ከሩቅ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ውሃ ይመጣል፤ ቀጥሎ አረፋ። ውሃው ላይ የሰማይ ቁራጭ ያርፋል፤ በቁራጩ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ቀስ ብሎ ያልፋል። በዚህ ሁሉ መሀል የሠሪዎቹ ስም እየተንቀራፈፈ ይወጣል። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ “በጽዳት የሚጀምር ደግሞ ምን ዓይነት ፊልም ነው?” ስል፣ የማድ ቤቱን በር ተደግፋ የቆመችው የቤታችን ሠራተኛ “ሳሙናው በዛ” አለች።

እውነቷን ነበር። ያ ሁሉ አረፋ እስኪጠራ ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚፈጅ አስቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን ያየሁት አውሮፕላኑን ብቻ ነበር።

የፊልሙ ስም “ሮማ” ነው። ባለቤቴ ስሙን ሲሰማ የጣልያኑ እግር ኳስ ቡድን ታሪክ መስሎት ከጎኔ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደው። ሮማ በሜክሲኮ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ዳይሬክተሩ አልፎንሶ ኩዋሮን ያደገው እዚያ ሲሆን፣ ታሪኩም የራሱ የልጅነት ቤት ታሪክ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1970 እና 1971 ነው። አንድ ሐኪም፣ ሚስቱ ሶፊያ፣ አራት ልጆች፣ አንዲት አያት፣ ቦራስ የሚባል ውሻ፣ እና ሁለት ሠራተኞች፣ ክሌዮና አዴላ፣ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። የፊልሙ ዋና ሰው ክሌዮ ናት። ይህን ልብ በሉ፦ ባል ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ከተማው ውስጥ ደም ይፈስሳል፤ ካሜራው ግን ሳህን ከምታነሳው ሴት ዐይኑን አይነቅልም።

እ.ኤ.አ. በ2018 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማው አንበሳ ተሸለመ። በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ለአሥር ኦስካሮች ታጭቶ ሦስቱን ወሰደ፦ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ የካሜራ ሥራ፣ ምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም። የመጨረሻው ለሜክሲኮ የመጀመሪያዋ ነበር። ካሜራውን የያዘው ኩዋሮን ራሱ ነው። አብሮት የሚሠራው ታዋቂው የካሜራ ባለሙያ ኢማኑኤል ሉቤዝኪ ጊዜ ስላልተመቸው፣ ዳይሬክተሩ ሥራውን በራሱ እጅ አደረገው። ክሌዮን የተጫወተችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም። ከዋሃካ ግዛት፣ ከትላሺያኮ የመጣች፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት የተማረች ወጣት ነበረች፤ እናቷም በሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። በዚህ የመጀመሪያ ሥራዋ ለምርጥ ዋና ተዋናይት ሽልማት ታጨች።

ወደ ሳሎናችን ልመለስ። ሐሙስ ማታ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ሠራተኛችን ዕቃ አጥባ ጨርሳ በሩ ላይ ቆመች። “ተቀመጪ እንጂ” አልኳት። “ይሁን እትዬ፣ ይበቃኛል” አለችኝ። ፊልም የምትወድ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው ነገሩ የበራልኝ፦ ልጅቷ የምትተኛው ሳሎን ነው። ፍራሿ ቀን ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ ይቆማል፣ ማታ እኔ የተቀመጥኩበት ሶፋ ፊት ለፊት ይነጠፋል። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። እሷ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ለማዘጋጀት ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትነሣለች። የቆመችው ፊልም ወድዳ ሳይሆን መኝታዋ ላይ ተቀምጠንባት ነው።

ይህ የበራልኝ በተራ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ግን ፊልሙ ራሱ ቀደም ብሎ ከአንድ ትዕይንት ጋር አጋፍጦኝ ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ የቴሌቪዥን ቀልድ እያየ ይስቃል። ክሌዮ ሳህኖች እየሰበሰበች ትገባና ቀልዱ ይይዛታል፤ ከሶፋው አጠገብ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ቁጭ ትላለች። አንዱ ልጅ ሳያስበው ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋል። ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ከዚያ ሶፊያ ለዶክተሩ ሻይ እንድታመጣ ታዛታለች፤ በቁጣም አይደለም፣ በክፋትም አይደለም። ክሌዮ ትነሣለች። የልጁ ክንድ ከትከሻዋ ላይ ይወርዳል። አለቀ። ማንም አልበደላትም፣ ማንም አልጮኸባትም።

ፊልሙ እዚህ ላይ ነው የበለጠኝ። ስለ ቤት ሠራተኛ የሚሠሩ ድራማዎቻችን ብዙ ጊዜ ወይ ጨካኝ እመቤት ያሳዩናል፣ ወይም “እንደ ልጄ ነው የማያት” የምትል ደግ እመቤት። ሶፊያ ግን ሁለቱንም ናት፣ ያውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ። ክሌዮ ማርገዟን እየፈራች ስትነግራት አታባርራትም፤ ራሷ በመኪና ሐኪም ቤት ትወስዳታለች። ያችው ሶፊያ፣ ባሏ ሲከዳት፣ የውሻው ኩስ አልተጠረገም ብላ የምታንባርቀው በክሌዮ ላይ ነው። ፍቅሩም እውነት ነው፣ ትእዛዙም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። “እንደ ልጄ ነው የማያት” እኔም ብዬ አውቃለሁ። ልጄ ግን ሳሎን ወለል ላይ አይተኛም።

መኪናዋ ለብቻዋ አንድ አንቀጽ ይገባታል። ሐኪሙ ፎርድ ጋላክሲ የምትባል መርከብ የምታህል መኪና አለችው፤ የግቢው መግቢያ ደግሞ ጠባብ ነው። ሰውየው ሲጋራውን እንደያዘ መሪውን በሁለት ጣት እያዞረ፣ በአንድ ጣት ክፍተት ግራና ቀኝ እየለካ፣ የውሻውን ኩስ ረግጦ ያስገባታል። ፊቱ ሳይታይ ሰውየውን አወቅነው። ኋላ ለስብሰባ ወደ ካናዳ፣ ኩቤክ ሄጃለሁ ብሎ ሲቀር እናት ለልጆቹ “ሥራ በዝቶበት ነው” ትላቸዋለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሶፊያ ያችኑ መኪና ሰክራ ስታስገባ ግድግዳውን እየፋቀች ነው። ከዚያም ወርዳ የክሌዮን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ እኛ ሴቶች ሁልጊዜ ብቻችንን ነን ትላታለች። የሚያምር አባባል ነው። ነገር ግን አንደኛዋ ብቻዋን የምትሆነው አልጋና መጻሕፍት ባሉበት ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላዋ የብረት ደረጃ ወጥታ ሰገነት ላይ ባለች ጠባብ ክፍል። እዚያም ማታ መብራት አብርተው ቢቆዩ አሮጊቷ ስለሚቆጡ፣ ሁለቱ ልጃገረዶች በሻማ ብርሃን እየሳቁ ስፖርት ይሠራሉ። እኔ “ካርዱ ያልቃል፣ መብራት አጥፊ” የምለው ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ክሌዮና አዴላ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚያወሩት በሚሽቴክ ቋንቋ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር በስፓኒሽ። ትንሹ ልጅ ይሰማቸውና ምን እያላችሁ ነው፣ እንደዚያ አታውሩ ይላቸዋል። ክፋት የለበትም፤ የተዘጋ በር የማይወድ ሕፃን ነው። የኛዋ ልጅ ከወላይታ ነው የመጣችው። እሑድ እሑድ ከእኅቷ ጋር በስልክ ስታወራ የስድስት ዓመቱ ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብሎ “በአማርኛ አውሪ!” ይላታል። እኛም እንስቃለን።

ስለ ወንዶቹ ብዙ አልልም። ፌርሚን የሚባለው የክሌዮ ወዳጅ ራቁቱን ሆኖ በመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ብረት የማርሻል አርት ትርኢት ያሳያታል፤ አስቂኝም አስፈሪም ነው። ማርገዟን ሲኒማ ቤት ውስጥ ስትነግረው “መጣሁ” ብሎ ይወጣና ይቀራል። እሷ ጃኬቱን ይዛ ደጅ ላይ፣ አሻንጉሊት ከሚሸጡ አዟሪዎች መሀል ትቀመጣለች። ፈልጋ ስታገኘው ደግሞ ይሰድባታል። የተጠቀመበት የስፓኒሽ ቃል በቁሙ “ድመት” ማለት ነው፤ በሜክሲኮ ግን በቤት ሠራተኛ ላይ የሚወረወር ስድብ ነው።  በአማርኛ ትርጉም አያስቸግርም፣ “ገረድ” ነው ያላት። ጮክ ብዬ ልተረጉም አፌን ከፍቼ ወደ በሩ ዞር ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። “ሰደባት” ብቻ አልኩ። “ምን ብሎ?” አለችኝ። “መጥፎ ስድብ” አልኳት። ያወቀች ይመስለኛል።

ከዚያ ሰኔ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1971 በሜክሲኮ ከተማ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎችን በመንግሥት የሠለጠነ “ጭልፊቶች” የሚባል ታጣቂ ቡድን በዱላና በጥይት ጨፈጨፋቸው፤ ወደ 120 የሚጠጉ ሰዎች እንደተገደሉ ይነገራል። ፊልሙ ይህን የሚያሳየን ከዕቃ መሸጫ ፎቅ መስኮት ላይ ነው። አያትየው ለክሌዮ የሕፃን አልጋ ሊገዙላት ወስደዋት፣ ዋጋ እየጠየቁ ሳለ ከታች ጩኸት ይነሣል። አንድ ተማሪ ለመደበቅ ሮጦ ይገባል፤ ገዳዮቹ ተከትለው ይገባሉ፤ ክሌዮ ላይ ሽጉጥ የደገነው ደግሞ የልጇ አባት ነው። እዚያው ቆማ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

ሐኪም ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል፣ የመዝጋቢዋ ጥያቄ ከጥይቱ በላይ ወጋኝ። ሙሉ ስሟ ማን ነው? የትውልድ ቀኗስ? አያትየው ያለቅሳሉ፣ ግን መልስ የላቸውም። ምኗ ነዎት ሲባሉ አሠሪዋ ነኝ ይላሉ። ያቺ ልጅ አብስላ አብልታቸዋለች፣ የልጅ ልጆቻቸውን አስተኝታለች፤ የተወለደችበትን ቀን ግን አያውቁም። እኔ የምሠራው ባንክ ነው። ለደንበኛ ስም እስከ አያት ሳልጠይቅ ሒሳብ አልከፍትም። የሠራተኛዬ አያት ማን እንደሚባሉ ግን አላውቅም። የመታወቂያዋ ፎቶ ኮፒ ከተያዧ መታወቂያ ጋር ተጣብቆ፣ ከውሃ ደረሰኞች ሥር መሳቢያ ውስጥ አለ። የደላላው ስልክ ቁጥር በቃሌ ነው።

የወሊዱን ትዕይንት አልዘረዝርም። ካሜራው ሳይቆረጥ፣ ሳይንቀሳቀስ ከክሌዮ ራስ አጠገብ ይቆማል። ከበስተጀርባ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ሐኪሞቹ ሕፃኗን ለማንቃት ይታገላሉ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ እውነተኛ ባለሙያዎች ናቸው፤ አፓሪሲዮም ሕፃኗ ሞታ እንደምትወለድ አስቀድሞ አልተነገራትም ነበር። የቤቱ አባወራ፣ ሐኪሙ፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ አለ። አይዞሽ ብሏት ግን ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ይሄዳል። ልቅሶ የሚያስገድድ ሙዚቃ የለም። በጠቅላላው ፊልም ውስጥ ለስሜት ማሟሻ የተሠራ ሙዚቃ የለም፤ ያለው የሬዲዮ ዘፈን፣ የመንገድ ማርሽ ባንድ፣ የቢላ ሳዩ ዋሽንት፣ የስኳር ድንች ሻጩ የእንፋሎት ፉጨት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢሠራ “ልዋጭ!” እና “ቆራሌው!” ይሞሉት ነበር። ስለዚህ በጥሩ ማዳመጫ ስሙት፤ ድምፁ ከኋላችሁም ከጎናችሁም ይመጣል።

ባሕሩስ? ወደ ቬራክሩዝ ጠረፍ ይሄዳሉ። ዋና የማትችለው ክሌዮ ማዕበል የወሰዳቸውን ሁለት ልጆች ለማውጣት እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ካሜራው ከጎኗ ይሄዳል፣ እኛም አብረን እንገባለን። አሸዋው ላይ ሁሉም ተቃቅፈው ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆዷን ታወጣለች፦ አልፈለግኳትም ነበር፣ እንድትወለድ አልፈለግሁም። ሁላቸውም እንወድሻለን ይሏታል፣ ከልባቸው ነው። ቤት ሲደርሱ ልጁ የሙዝ ጭማቂ ያምረዋል። ማን ይሠራለታል?

አሁን የማልስማማበትን ልናገር፤ ስላለቀስኩ ብቻ ፍጹም ነው አልልም። አንዳንድ ሐያስያን ክሌዮ ዝምታዋ በዛ ብለው ወቅሰዋል። እኔ በከፊል እስማማለሁ። ፊልሙ የተሠራው እሷን በሚወድ ልጅ ዐይን ነው፤ ልጁ ያላየውን ካሜራውም አያይም። እናቷ ያሉበትን ቀዬ አንዴም አንረግጥም። ከሰገነቱ ወጥታ በዕረፍት ቀኗ ከምታደርገው ጥቂቱን ብቻ እናያለን። ኩዋሮን ፊልሙን “ለሊቦ” ብሎ አበርክቶታል፤ ሊቦሪያ ሮድሪጌስ ማለት እሱን ያሳደገችው ሴት ናት። የምስጋና ደብዳቤ ነው። የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ ሁልጊዜ የበላው ነው እንጂ ያበሰለው አይደለም። ጥቁርና ነጩ ሥዕልም አንዳንዴ ከልክ በላይ ያምራል፤ የታጠበ ልብስ በሰገነት ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ዐይን ይማርካል፣ በእጅ ላጠበው ሰው ግን ልብስ ነው። ፌርሚንም ሰው ሆኖ አልተሣለም፤ ድህነቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነግረንና ወዲያው ጭራቅ ይሆናል።

የቋንቋውን ነገር ላንሣ። ኔትፍሊክስ ፊልሙን በስፔን ሲያሳይ የሜክሲኮውን ስፓኒሽ ወደ ስፔን ስፓኒሽ “ተርጉሞ” ከግርጌ ጻፈበት። ኩዋሮን በጣም ተቆጣ፤ ጽሑፉም ተነሣ። የጎጃም አማርኛ ለሸዋ ሰው ሲተረጎም አስቡት።

ሽልማቱን በወሰደበት ዓመት፣ በ2019፣ የሜክሲኮ ምክር ቤቶች ለቤት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትናና ሌሎች የሥራ መብቶችን የሚሰጥ ሕግ አጸደቁ። ፊልሙ ብቻውን አመጣው ለማለት አይደለም፤ ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ታግለዋል። የእኛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶ ያልፋል።

ለማየት ለምትፈልጉ፦ ከልጆች ጋር አትዩት፣ እርቃንም አለ፣ ወሊዱም ይከብዳል። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ትዕግሥት ይፈትናል፤ ባለቤቴ ወድቋል። በስልክ ስክሪን ከሆነ ባታዩት ይሻላል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው በሥዕሉ ጥግ ላይ ነው። ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ሠራተኛችን ባነሣችው ጥያቄ ምክንያት ነው።

ሊያልቅ ሲል ክሌዮ ለአዴላ ብዙ የምነግርሽ አለ ትላትና የልብስ ጥቅሏን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ምን እንደምትነግራት አንሰማም። ሰማዩ ይቀራል፤ በሰማዩ ላይ አውሮፕላን ያልፋል። ያኔ ነው ከበሩ “እትዬ፣ ደመወዟ ስንት ነው?” የሚል ድምፅ የመጣው።

“ፊልሙ አይናገርም” አልኳት።

“ይህን ሁሉ ሰዓት አይተን?”

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፣ ባለቤቴን ቀስቅሼ ሶፋውን ለቀቅን። ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ሆኖ ነበር። እሑድ ዕለት እኅቷ ደወለችላት። ሰገነቱ ላይ ልብስ እያሰጣች በወላይትኛ ረጅም ወሬ አወራች፣ አንዴ በጣም ሳቀች። ልጄ በአማርኛ አውሪ ሊላት ሲሮጥ እጁን ይዤ አስቀረሁት። ከወሬው ውስጥ የለየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ “ክሌዮ”፣ ሌላው “ሳሙና”።